ጨው የገባበት ሚጥሚጣ ይዞ እንጦጦ መውጣት

ከንጋቱ 11፡30፣ የካ

ከቤት ስንወጣ ሰፈሩ ገና አልነቃም። እህቴ ሂሩት የወይራ ፍልጡን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማለች፤ እኔ የበረዶ ሳጥኑን። ሳጥኑ ውስጥ ማታ በቅመም አሽተን ያሳደርናቸው ሁለት ፍሪምባዎች አሉ። እንጦጦ ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው እትዬ አልማዝ ዛሬ በወይራ ጭስ የበሰለ ሥጋችንን ይቀምሳሉ። ከጣማቸው የየቅዳሜውን ምሳ ለሂሩት ይሰጧታል። ካልጣማቸው ሌላ ደንበኛ የላትም፤ ሥራዋን ከለቀቀች ደግሞ ሦስት ወሯ ነው።

12፡10፣ መገናኛ

የሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሰልፈን ያዝን። ረዳቱ ሳጥኑን በእግሩ ነካ አደረገው።

"ወንድሜ፣ ይሄ የሰው ሂሳብ ይከፍላል።"

"ሥጋ ነው እኮ።"

"ታዲያ ጋብዘና!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ሂሩት መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። የተረፈው ቅመም በብልቃጥ ጭኔ ላይ ነው፤ ታክሲው ጉድጓድ ሲገባ ክዳኑ ላላና ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ላስኩት። መጀመሪያ አቃጠለኝ። ከዚያ ጨው። አሁንም ጨው።

ትናንት ሚጥሚጣ ሲያልቅብን ከጎረቤታችን ከእማማ ብዙነሽ ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሂሩት "ጨው ገብቶበታል?" ስትለኝ "የለውም" አልኳት። አልቀመስኩም፣ እማማንም አልጠየቅኩም። እሷ ቃሌን አምና ሌላ ሙሉ ስኒ ጨው ጨመረችበት። ያለ ጨው የተፈጨ ሚጥሚጣስ በሰፈራችን የማን ቤት ይገኛል?

አልቀሰቀስኳትም።

12፡50፣ የእንጦጦ ዳገት

ከሽሮ ሜዳ የያዝነው ሁለተኛው ታክሲ ያቃስታል። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ተንሸራተትን፤ አንዲት ሴት "ማርያም!" ብላ ጮኸች።

"ፍሬን አላት አይደል?" አልኩት።

"አላት። እንደ ሙዷ ነው።"

ሂሩት ሳቀች። ለሷ የምነግራት ነገር ከገደሉ ይልቅ አስፈራኝ።

1፡15፣ ጫካው

ከመኪና መንገዱ እስከ ማረፊያው የግማሽ ሰዓት እግር መንገድ ነው። በባሕር ዛፉ መሃል ጉም ተኝቷል፤ ከአሥር እርምጃ በላይ አይታይም። መንገዱ ላይ እንደ ኖራ የነጣ የጅብ ኩስ አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። ይኼኛው አልደረቀም። ማገዶ የተሸከሙ እናት ከጉሙ ብቅ አሉ።

"ልጆቼ፣ ሥጋ ይዛችኋል?"

"አዎ እማማ።"

"ሽታው ከእናንተ ቀድሞ ደርሷል። አትቁሙ።"

አልቆምንም። ከኋላችን ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሳጥኑን ደረቴ ላይ እያጠበቅኩ ሄድኩ። ሂሩት አንዴም አልዞረችም፤ እርምጃዋ ግን ወደ ሩጫ ቀረበ።

1፡50፣ ግቢው

ዘበኛው ግማሹ የተቆረጠ በርሜል አዘጋጅቶልናል። ሂሩት ወይራውን ደርድራ ክብሪት አወጣች። ያኔ ነገርኳት።

"አንተ ልጅ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከመገናኛ።"

"ከመገናኛ! ያን ሁሉ ጫካ ዝም ብለህ?"

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ክብሪቱን ኪሷ ከታ "ውሃ አምጣ" አለችኝ።

ከሮቶው እየቀዳሁ ሥጋውን አጠብን፣ ዘፈዘፍን፣ ደግመን አጠብን። ውሃው በረዶ ነው፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። በጨርቅ አደረቅነው። ከአጥሩ ሥር ጦስኝ ቀጠፈች፤ ከቦርሳዋ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ አወጣችና እንደገና አሸችው። ጨው አልነካችም።

"ሌሊቱን ወደ ውስጥ ሰርጎ ከሆነስ?" አልኳት።

"ከሆነማ ወደ ቤታችን ነው።"

ቀኑ 8፡30

እሳቱን አንድደን አምስት ሰዓት ተኩል ጭሱን ጠበቅን። ልቅመስ ብላት "እሳቸው ሳይቀምሱ ቢላዋ አይነካውም" ብላ ከለከለችኝ።

እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሂሩት ቆረጠችላቸው፤ ዳሩ ጠቁሯል፣ መሃሉ ቀልቷል። አኘኩ። ቆም አሉ። እንደገና አኘኩ። እኔ መንጋጋቸውን ነው የማየው።

"ማነው ያሸው?"

"እኔ ነኝ እትዬ" አለች ሂሩት። እኔን አልጠቆመችም።

"ጨው አንሶታል።"

እሳቸው ሁለተኛ ቁራጭ በጣታቸው አነሱ።

"ለቅዳሜ አስተካክይው። ሃያ ሰው ነው የሚመጣው።"

"እሺ እትዬ" አለች። ቢላዋውን አነሳችና ለእኔም ቆረጠችልኝ።