ሳልሰማ ያልኩት አሜን

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብቀመጥ ዛሬ ምሳም አይወርድልኝ! መጀመሪያ ግን ድምፅ ማጉያውን እባካችሁ ትንሽ ቀንሱልኝ። ለእኔ ብላችሁ ነበር ከፍ የምታደርጉት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን በቃኝ። ሃሌ ሉያ!

የኢተያን ስንዴ እዚህ አሰላ አምጥቼ ስሸጥ ጌታን አላውቀውም ነበር። ከቤታችን የሚያምነው ባለቤቴ ቶላ ብቻ ነበር። ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘኝ፤ ነፍሴ ተረፈች፣ ጆሮዬ ግን ጭራሽ ተዘጋ። ቶላም ጠዋት ጠዋት እጄን ይዞ ጮክ ብሎ መጸለይ ጀመረ። ሲጨርስ እጄን ጭብጥ ያደርጋል፤ እኔም «አሜን» እላለሁ። ቅዱሳን፣ እኔ ያመንኩት ስብከት ሰምቼ አይደለም፤ ሲጸልይ ፊቱን እያየሁ ነው። ጌታ ይባረክ!

አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሙ ያለውን ቶላ ጻፈልኝ፦ «የተለመደው ማዳመጫ አይረዳትም፤ በቀዶ ሕክምና ጆሮዋ ውስጥ መሣሪያ እንተክላለን።» እናንተ ጸለያችሁ፣ መሣሪያው ተተከለልኝ። ይሄ ከጆሮዬ ኋላ የምታዩት ውጪኛው ክፍሉ ነው፤ በማግኔት ነው የሚለጠፈው። ሲከፈት ግን፣ እናንተዬ! በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ መሰለኝ። ቶላ ስሜን ሲጠራ ከዶሮ ጩኸት አልለየሁትም። ባለሙያዋ «አእምሮዎ ድምፁን ገና ይማራል፤ ይታገሱ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ የናፈቀኝ የቶላ ድምፅ ነበር። አሰላ እስክንገባ አለቀስኩ።

ቶላ ግን መች ተስፋ ይቆርጣል! መሣሪያውን አውልቄ ስደብቀው ፈልጎ ይለጥፍልኛል። «ይሄ ሽንኩርት ነው፣ ይሄ በር ነው» እያለ እንደ ሕፃን ያስተምረኛል።

አንድ ቀን ጠዋት እጄን ይዞ እንደ ልማዱ በአፋን ኦሮሞ ሲጸልይ፣ «ጎፍታ ኮ» ሲል ሰማሁ። ጌታዬ ማለቱ ነው። ቀስ እያለ ሌላውም ገባኝ፦ «ጌታዬ፣ እሷ የእኔን ድምፅ ባትሰማም ግድ የለም፤ ብቻ ሳቋን መልስላት።»

«ለዚህስ አሜን አልልም!» ብዬ ጮህኩ። «ሰምቼሃለሁ፣ ቶላ! ሰምቼሃለሁ!»

እንባው እየወረደ እጄን ጭብጥ አደረገ። ያኔ አሜን አልኩ።

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ለሐኪሞቹ ጥበብ የሰጠ ጌታ ስሙ ይክበር! ልመናው የዘገየበት ካለ በእሱ ይታመን፤ ሕክምናውንም አይፍራ። አሁን ቶላ ይጸልይልን። ና ቶላዬ። የት ላይ አሜን እንደምል አውቃለሁ፤ አንተ ግን እንደ ድሮው እጄን ያዘኝ።