ጀርባዬን ሰጥቼ የሰማሁት መጽሐፍ

ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ክረምቱ ሊገባ ይሁን ሊወጣ እንጃ፣ ብቻ ዝናብ ነበር። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ካለችው ልብስ ስፌት ቤቴ የወሰዱኝ፣ ለስብሰባ የሚሰቀል ጨርቅ ሰፍተሃል ብለው ነው። እውነት ነው፣ ሰፍቻለሁ። የተጻፈበትን ግን ማንበብ አልችልም ነበር።

የታሰርንባት ክፍል ጠባብ ናት፤ እርጥብ ካልሲ ትሸታለች። ጠዋት ጠዋት የልደታ ማርያም ቅዳሴ በመስኮቱ ይገባል። ኮሌታዬ ውስጥ በደበቅኳት መርፌ የሁሉንም ልብስ እጠግናለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ የድሮ ጨዋታ አወራላቸዋለሁ። ጋሼ፣ ጋሼ ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቄስ ታስረው መጡ። የጋምቤላ ሰው፣ የአንግሊካን ቄስ ናቸው። ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት አሳትመዋል አሉ። ሦስተኛውን እዚያው ብስኩት ካርቶን ላይ ጀመሩት፤ እስር ቤት ደጅ ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰው የተጻፈ ጸሎት ነው። የጻፉትን ከሰዓት ከሰዓት ያነባሉ፤ ሰው ሁሉ ይከባቸዋል። የእኔ ጨዋታ ቀረ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጥፋለሁ፣ እሰፋለሁ።

“ጋሼ፣ ቀንተው ነው እንዴ?” አለኝ አንድ ባለታክሲ።

“በምናቸው ልቀና? እኔ የማርያም ሰው ነኝ!”

ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

አንድ ቀን ፍተሻ ሊመጣ ነው ተባለ። ቄሱ ካርቶናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ።

“ወንድሜ፣ ይህን ካርቶን በኮቴ ገበር ውስጥ ይሰፉልኛል?”

“መርፌዬ ተሰበረች” አልኩ። አንገቴን እየወጋችኝ።

ፈታሾቹ ካርቶኑን ወሰዱት። በማግስቱ ጨዋታዬን ጀመርኩ፤ የሚሰማኝ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ቄሱ አዲስ ካርቶን ዘርግተው፣ እስክሪብቶ ይዘው ቆዩ።

“መነሻው ጠፋኝ” አሉ።

ፊቴን ከግድግዳው ሳላነሳ ጀመርኩላቸው። “እናት በር ላይ ቆማለች። ሳህኑ እጇ ላይ ቀዝቅዟል…” ያልተማረ ሰው የሚይዘው በጆሮው ነው። እስከ መጨረሻው አወረድኩት፤ እሳቸው እጃቸው እስኪዝል ጻፉ።

“ጋሼ፣ ለካ ሲሰሙ ነበር!” አለ ባለታክሲው።

መርፌዋን ከኮሌታዬ አወጣሁ። “አልተሰበረችም” አልኳቸው።

“አውቃለሁ” አሉና ኮታቸውን አወለቁልኝ። ካርቶኑን ገበሩ ውስጥ ሰፋሁት፤ ስፌቱ እንዳይታወቅ አድርጌ።

ከዚያ በኋላ በዚያው እስክሪብቶ ፊደል አስቆጠሩኝ።

አሁን ልደታ ኮንዶሚኒየም ከልጄ ጋር እኖራለሁ። መጽሐፉ ታትሟል። ቀስ ብዬ ሳነበው ዓይኔ ሳይደርስ አፌ ይቀድማል። ጎረቤት ሽፋኑን አይቶ ጸሐፊውን ሲያደንቅ፣ አልዋሽም፣ ዛሬም እቀናለሁ። ግን በገዛ እጄ መጀመሪያ የጻፍኩት ስም የእኔ አይደለም። ቄስ ኡጁሉ የሚል ነው።