ከኖታው ሥር ያለው ባዶ መስመር

ካናዳ፣ ካልጋሪ ኤርፖርት ላይ ሲይዙኝ ፓስፖርቱ የእኔ እንዳልሆነ ገና ሳይጠይቁኝ ተናገርኩ። እውነት መናገር ያስመሰግናል ብዬ ነበር፤ ሞኝነቴ! በማግስቱ የታሰርኩበትን ክፍል አየሁት። አረንጓዴ የተቀባ የብሎኬት ግድግዳ፣ ከወለሉ ጋር የተበየደ አልጋ፣ ክዳን የሌለው የብረት መጸዳጃ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይሰፋ መስኮት። በመስኮቱ የሚታየው የመኪና ማቆሚያና በረዶ ብቻ ነው። ሁሉም ነገር በረኪና በረኪና ይሸታል፤ ዳቦው ሳይቀር።

ጊዜው የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መግቢያ ነው። ባለቤቴ ናይሮቢ ቀርታ እኔን ትጠብቃለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ሊያበቃ ሦስት ወር ቀርቶታል። እኔ ቶሎ ተፈትቼ ወረቀቷን ካላስጀመርኩ ፖሊስ ከመንገድ እንደሚያፍሳት ሁለታችንም እናውቃለን።

ጉዳዬን የያዘው የኢሚግሬሽን መኮንን አፍንጫው የቀላ፣ ቀኑን ሙሉ የጉሮሮ ከረሜላ የሚመጥ ሰው ነበር። አስተርጓሚው የአገሬ ልጅ ነው። በዕድሜ ብበልጠውም፣ ሽበቴን እያየ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ “አንተ” አለኝ።

አገር ቤት ታስሬ እንደነበር ስነግራቸው ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። የሙዚቃ መምህር ነበርኩ። ከተማሪነቴ ጀምሮ ሥራዎቹን የማጠናቸው ከስፔን የካታላን ሕዝብ የሆነ አንድ የሙዚቃ አቀናባሪ አለ። ባርሴሎና ተወልዶ ወጣትነቱን ፓሪስ የጨረሰ፣ ሰው ፊት መጫወት ስለሚያስፈራው ከወዳጆቹ ሳሎን የማይወጣ ዓይን አፋር ሰው ነው። አገሩ ሲመለስ ወታደሮች ሥልጣን ይዘዋል፤ በቋንቋው መጽሐፍ ማሳተም ተከልክሏል። ሰውዬው አልጮኸም። የመንደሩን ዘፈኖች ለፒያኖ ጻፋቸውና ግጥሙ የሚገባበትን መስመር ከኖታው ሥር አስምሮ ባዶውን ተወው። ሙዚቃው ጥቂት ድምፅና ብዙ ዝምታ ነው። አንዱን ቁልፍ ትነካና ድምፁ እስኪጠፋ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ታልፋለህ። አዲስ አበባ ውስጥ ባቀረብኩት ኮንሰርት ላይ ስለዚያ ባዶ መስመር ጥቂት ቃል ተናገርኩ። ነገሩ የእኛንም አገር ሳንሱር እንደሚነካ የገባው አንድ ሰው አዳራሹ ውስጥ ሳቀ። በሦስተኛው ቀን ወሰዱኝና ስምንት ወር አሰሩኝ።

መኮንኑ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረ።

“የሚልህ ምን መሰለህ” አለኝ አስተርጓሚው፤ “ለአንድ ስፓኒሽ ሰውዬ ተብሎ አፍሪካ ውስጥ ማንም አይታሰርም ነው። እናንተ እኮ ናችሁ ፌክ ስቶሪ እያመጣችሁ እዚህ ያለነውን ትረስት የምታሳጡን።”

“የመጨረሻው ንግግር የእሱ ነው ወይስ የአንተ?” አልኩት።

“የኔ ነው። ምን ይጠበስ?”

በማግስቱ ጠዋት ወደ እስር ቤቱ የጸሎት ክፍል ወሰዱኝ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለገሰችው አሮጌ ፒያኖ አለ። ከቁልፎቹ ሁለቱ ቢነኩም ድምፅ አይሰጡም። “ፒያኒስት ነኝ ካልክ ፕሩቭ አድርግ” አለኝ አስተርጓሚው። መኮንኑ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። አንድ ጠባቂ በሩ ላይ ቆመ።

የታሰርኩበትን ሙዚቃ ተጫወትኩ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። የመጨረሻው ድምፅ ጠፍቶ እጄን ጭኔ ላይ ሳሳርፍ መኮንኑ አንድ ነገር ጠየቀ።

“መቼ ነው የሚጀምረው እያለህ ነው።”

“አልቋል” አልኩ።

አስተርጓሚው ከልቡ ሳቀ። “ልጄ ግሬድ ቱ ናት፤ ካንተ ትሻላለች።” ከዚያ መኮንኑን አዳምጦ ወደ እኔ ዞረ። “ፋስት የሆነ ነገር ምታ ይላል። ካልሆነ ሪፖርቱ ላይ ፒያኒስት አይደለም ብሎ ይጽፋል። ዋሽተሃል ማለት ነው። ዲፖርት ያደርጉሃል፣ ገባህ?”

በደንብ ገብቶኛል። እጄም ይችል ነበር። ለተማሪዎቼ ፈተና የማስጠናው፣ ጣትን ከጣት የሚያሯሩጥ አንድ ማርሽ፣ የሰልፍ ሙዚቃ፣ ነበረኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እጫወተዋለሁ። እሱን ብጀምርላቸው መኮንኑ ግማሹ ላይ “ይበቃል” ብሎ ይፈርም ነበር። ግን ተናደድኩ። ስምንት ወር የታሰርኩበት ነገር ምንም አይደለም ተብዬ፣ ገበያ ላይ እንደሚያዘልሉት ዝንጀሮ ዝለል ተባልኩ።

“እንዲህ በልልኝ” አልኩት። “የታሰርኩት በዚህኛው ነው። ካልተሰማችሁ እደግመዋለሁ።”

“ሰውዬ፣ ክሬዚ ነህ እንዴ?”

“ተርጉም!”

ደገምኩት፤ ከመጀመሪያውም አዘገምኩት። መኮንኑ ገና መግቢያው ላይ ብድግ ብሎ ወጣ። አስተርጓሚው እያጉረመረመ ተከተለው። ጠባቂው ብቻ ቀረ፤ እስረኛ ጥሎ መሄድ ስለማይችል። ግድግዳውን ተደግፎ ያዛጋ ነበር። አንድም ድምፅ ሳልዘል ጨረስኩ። ከዚያ ተነሣሁና እንደ ኮንሰርት ወጉ ለባዶዎቹ ወንበሮች እጅ ነሥቼ የፒያኖውን ክዳን ዘጋሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሪፖርቱ “ሙያው አልተረጋገጠም” አለ። ጠበቃዬ የኮንሰርቱን ፖስተር ከአዲስ አበባ አስልኮ፣ ጉዳዩን ሌላ ሰው አይቶት እስክፈታ አምስት ወር አለፈ።

አሁን ከባለቤቴ ጋር እዚሁ ካልጋሪ፣ አቢዴል የሚባል ሰፈር ነው የምንኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ፒያኖ ለማስተማር ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ቸስተርሚር ድረስ እነዳለሁ። ይህን ታሪክ እንግዳ ፊት ሳወራ ይጨበጨብልኛል። “ጋሼ፣ ዩ ኖው፣ ዛት ኢዝ ፕራይድ! ሪስፔክት!” አለኝ በቀደም አንድ እዚሁ የተወለደ ወጣት። ባለቤቴ እዚያ ታሪክ ላይ ስደርስ ተነሥታ ሰሃን ትሰበስባለች።

ከእነዚያ አምስት ወሮች በአራተኛው ናይሮቢ ገበያ መሀል ይዘዋት ነበር። መተኛ በሌለበት፣ ሴቶች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ አራት ቀን አደረች። ስለእነዚያ ቀናት ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም፤ እንግዳ ፊት አውርታውም አታውቅም።

ወጣቱ ያሞገሰኝ ዕለት እንግዶቹ ከወጡ በኋላ፣ “ተቀይመሽኛል?” አልኳት።

“አልተቀየምኩም” አለች። ሰሃኑን መወልወሏን አላቆመችም። “ግን ማርሹን ብትጫወትላቸው ያ ካታላን ምን ይሆን ነበር? ሞቷል አይደል?”

“ሞቷል።”

“እኔ ግን በሕይወት ነበርኩ” አለች።

ዛሬ ቢሆን ማርሹን እጫወትላቸው ነበር ልላት አፌን ከፈትኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ጨርቁን ከእጇ ተቀብዬ የቀሩትን ሰሃኖች ወለወልኩ።