በጎማ መቀስ የተከፈለ ክኒን

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ እንደገባ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እመለስ ነበር። የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና ከከተማው ሳይወጣ ጎማው ተነፈሰና ሾፌሩ እያጉረመረመ አንድ ጎሚስታ ደጅ አቆመን። ሌሎቹ ጥላ ፍለጋ ሲበተኑ እኔ በሩ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።

ጎሚስታው ሽበት የወረረው ቀጭን ሰው ነው። አንድ ቦታ መቆም አያውቅም። ክሪኩን መኪናው ሥር አስገባ፣ ብሎኑን ሳይፈታ ወደ ውስጥ ገባ፣ ባዶ እጁን ወጣ፣ መንገዱን ወዲያና ወዲህ ቃኘ። ሰው ይጠብቃል አልኩ በልቤ።

ነጠላ የለበሰች የገጠር ሴት መጣች። ሰውየው የያዘውን ጣለና እጁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበ። ከሸሚዙ ኪስ አሥር ፍሬ ክኒን የያዘ እሽግ አወጣ። የጎማ ልጣፊ የሚቆርጥበትን መቀስ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገና እሽጉን መሀል ለመሀል ከፈለው። አምስቱን ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

«ኧረ አንተስ ጀማል? አይጎድልብህም?»

«ትርፍ አለኝ አላልኩሽም አትጠገብ? ይልቅ እንየውን ሰላም በይልኝ። ክኒን ዋጥኩ ብሎ ማሳው ላይ እንዳይተኛ፣ በሬዎቹ ይስቁበታል።»

«እሱም ጎሚስታ ከሚስቅብኝ በሬ ይሳቅብኝ ነው የሚል» አለችና ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «አላህ ይስጥልኝ።»

«አሚን። ማርያም ትከተልሽ።»

እንዲህ ያለ ነገር ስላሳየኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ጎማው ተጠግኖ የሐረጎን ዳገት መውጣት ስንጀምር ግን ደስታዬ ቀስ በቀስ ይሸሸኝ ጀመር። ያን ክኒን አውቀዋለሁ። ሮዝ ነው፣ ክብ ነው። ካቻምና ታላቅ እህቴ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝታ ሳስታምማት ከአስፒሪን ጋር ያዘዙላት እሱን ነበር። ሐኪሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያስረዳችን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። «የልብሽ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ነው የታመምሽው። እነዚህ ሁለት ክኒኖች ደሙ እንደገና እንዳይረጋ ይከላከላሉ። በየቀኑ ነው። ሐኪም ሳያቆምሽ አንድ ቀን አትዝለዪ።» እህቴ አልዘለለችም። ተመስገን፣ ዛሬም እሑድ እሑድ ቀድማኝ ታስቀድሳለች።

ለሠላሳ ቀን ሠላሳ ፍሬ የሚታዘዝ መድኃኒት ከየት ይተርፋል? ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤቴ ገብቼም ጥያቄው አልለቀቀኝም። መጽሐፍ ገለጥኩ፣ አላነበብኩም። ለጸሎት ቆምኩ፣ ሐሳቤ ኮምቦልቻ ነበር። ያየሁት ደግነት ሰው ሊገድል እንደሚችል አውቄ ዝም ማለት ከበደኝ። ቅዳሜ ተነሥቼ ወረድኩ።

ጎሚስታው አወቀኝ። «የቱ ጎማህ ነው ደግሞ?»

«ለጎማ አልመጣሁም። ለክኒኑ ነው።»

መዶሻውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣው። እህቴን እንዴት እንዳስታመምኩ፣ ሐኪሟ ምን እንዳለች ነገርኩት። እያዳመጠ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ። ስሜን ጠየቀኝና ጸጋው መባሌን ነገርኩት። የእሱ ሙሉ ስም ጀማሉዲን ነው። ከዚያ ወዲያ ወሬው እንደ ተከፈተ ቧንቧ ወረደ።

የተወለደው ደጋን በምትባል የገጠር ከተማ ነው። በልጅነቱ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ተመላልሷል። ጎማ መጠገን የተማረው በዚያ መንገድ ሐሩር ውስጥ ነው። በ1990 የአሰብ መንገድ ሲዘጋ መኪናውም ሥራውም ቀረ። ኮምቦልቻ ተቀመጠና አንድ ክሪክና አንድ መቀስ ይዞ ይህን ደጅ ከፈተ። ሚስቱ ከድጃ «ተቀምጦ ሻይ የጠጣበትን ቀን አላስታውስም» ትላለች አሉ።

በመጋቢት፣ የአይሱዙ ጎማ ሲያነሣ ደረቱን እንደ ክሪክ የሚጫን ነገር ያዘው። ሕመሙ ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ሄደ። «ንፋስ ነው አልኩ። ጎማውን ጨርሼ ልሂድ አልኩ። ከድጃ ላቤን አየችና ጮኸች። የሰው መኪና ላይ ጭነው በሐረጎ አወጡኝ። ደሴ ስደርስ አስፒሪን አኝክ አሉኝ፣ እንደ ቆሎ ቆረጠምኩት። ይኸን ሮዙን ደግሞ አራት ፍሬ ባንዴ አስዋጡኝ።»

በማግስቱ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ እንየው ተኛ። ከኮምቦልቻ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣ ገበሬ ነው። ሕመሙም መድኃኒቱም አንድ። ከድጃ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ስትወርድ የእንየው ሚስት አትጠገብ ሁለቱንም ታስታምም ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር ምግቧ ሽሮ ነው። ሥጋ ቢሆን ኖሮ የክርስቲያንና የእስላም ብሎ ይለያቸው ነበር፣ ሽሮ ግን ከአንድ ሳህን አበላቸው።

«እጄን ማንሣት አቅቶኝ ነበር» አለ ጀማሉዲን። «ሦስት ቀን በእጇ አጎረሰችኝ። ልጄ እንኳ አጉርሶኝ አያውቅም።»

ከሆስፒታል ይዘውት የወጡት መድኃኒት በሚያዝያ አለቀ። አስፒሪኑ በየፋርማሲው አለ። ሮዙ ግን ኮምቦልቻም ደሴም ጠፋ። ከደሴ አዲስ አበባ የሚመላለስ ምንይሉ የሚባል የአውቶቡስ ሾፌር ደንበኛው ስለሆነ የሐኪሙን ወረቀት ይዞለት እየሄደ ያመጣለታል። እንየው ማንም የለውም። አትጠገብ በገበያ ቀን በደጁ ስታልፍ «ጠፋ፣ እንዲሁ ተቀምጧል» ብላ ነገረችው።

«እና ምን ልበል? እኔ እየዋጥኩ እሱ ይቀመጥ? ትርፍ አለኝ አልኳት። አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሱ።»

«ከዚያን ጊዜ ጀምሮ?»

«ይኸው አንድ ወር።»

«ለምንይሉ የእንየውንም ወረቀት ቢሰጡት ኖሮስ?»

«ወረቀቱን ስጪኝ ስላት ትርፍ እንደሌለኝ ታውቃለች። ከአፉ ነጥቄ ለባሌ ወሰድኩ ብላ ዳግመኛ እግሯ ደጄን አይረግጥም። ካጎረሰችኝ ሴት ፊት ይህን እንዴት ልበል? ወላሂ አልችልም።»

ተነሥቶ ወደ መንገዱ ሄደ፣ ተመለሰ። ደረቱን በመዳፉ ሲደባብስ አየሁት።

«ያምዎታል?»

«ማክሰኞ ትንሽ ያዘኝ። የመዝለያ ቀኔ ነበር። ለከድጃ አልነገርኳትም።»

ዙሪያውን ሳይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ከመነዳሪ፣ ጎማ ውስጥ የሚነፋው ላስቲክ፣ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

«ጋሽ ጀማሉዲን» አልኩት፣ «ሁለት ሰዎች የተበሳ ከመነዳሪ ይዘው መጡ እንበል። ልጣፊው አንድ ብቻ ነው። ለሁለት ቆርጠው ቀዳዳውን ግማሽ ግማሽ ሸፍነው ይሸኟቸዋል?»

«እብድ ነኝ? ሐረጎ ላይ ሁለቱም ይገለበጣሉ!»

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ፣ ቀና ብሎም አላየው።

«እንየውም በየሁለት ቀኑ ነው የሚውጠው» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «እሱን አዳንኩ ስል ነበር'ኮ።»

«ሁለታችሁም በየቀኑ መዋጥ አለባችሁ። የእንየው ወረቀት ከተገኘ ምንይሉ በሦስት ቀን ያመጣው የለ? ደረትዎንም ሰኞ ለሐኪም ያሳዩ። የዘለሉትንም ቀን ከሐኪሙ አይደብቁ። እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቅዎታለሁ።»

ከኪሱ የቀረውን እሽግ አወጣ። አየው። «ዛሬም የመዝለያ ቀኔ ነው» አለ። እጁን ሄዶ ታጠበ፣ አንዱን ፍሬ ፈልቅቆ አፉ ውስጥ ጣለ፣ ያቀበልኩትን ውሃ ጠጣበት። «ቢስሚላህ» ያለው ከዋጠው በኋላ ነበርና ሁለታችንም ሳቅን።

ሳቁ ቶሎ ጠፋ። እንደገና ተነሣ፣ መቀሱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፣ አውርዶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ጸጋው፣ የሰኔ ሚካኤል መቼ ነው?»

«የፊታችን ረቡዕ።»

«አትጠገብ አትቀርም፣ ታቦቱን ልትሸኝ እዚህ ኮምቦልቻ ትወርዳለች። አንተም ከቤተ ክርስቲያን አትጠፋም፣ ፊትህ ይናገራል። እዚያ አግኛትና የእንየውን ወረቀት ተቀበልልኝ። ደሴ መናኸሪያ ለምንይሉ ስጠው፣ ጀማሉዲን ልኮኛል ካልከው ይበቃዋል። ለእሷ ደግሞ የጀማል ትርፍ አልቋል በላት። አልነበረውም አትበላት።»

«ከጠየቀችኝ አልዋሽም፣ ጋሽ ጀማሉዲን። በሚካኤል ደጅ ቆሜ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። ውሸታም ብትሆን መች አንተን እልክ ነበር?» አለና ክንዴን ያዘኝ። እጁ ከእጥበቱ ገና እርጥብ ነበር። «እንድትዋሽ አይደለም የምለምንህ። አፏን ከፍታ ሳትጠይቅህ ወረቀቱን ተቀብለህ ፈጠን ብለህ እንድትሄድ ነው። ይችን ታደርግልኛለህ?»