ባንዲራ ያዡ የሞተበት ሳምንት

ሁልጊዜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ ትወለውልና የማህበሩን ስልክ አንስታ ሠላሳ አንድ ጡረተኛ ወታደሮች በሕይወት መኖራቸውን ታጣራለች። «አሉ?» ትላለች። «አለሁ» ካሏት ደብተሯ ላይ ምልክት አድርጋ ትዘጋለች። ስለ ወገብ ሕመም አትሰማም፤ የአንዱን ወገብ ከሰማች የሠላሳው ይከተላል።

ስልከኛዋ ይሏታል። ሃያ ስምንት ዓመት በስልክ ማዞሪያ ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። ጦር ሜዳ አልዋለችም፤ ያየችው ውጊያ ቢኖር ከምራቷ ጋር ያደረገችው ነው። ወታደሩ ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት ማህበሩ ያዋሰውን ክራንች ልትመልስ መጣች። አምስት ወንዶች አንድ ስልክ ከበው፣ ቁጥሩን አሳስቶ የጻፈው ማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ አገኘቻቸው። «እስቲ ወዲህ በሉት» ብላ ስልኩን ተቀበለች። ይኸው ስድስት ዓመቷ። ደሞዝ የለውም። ምስጋና በዓመት አንዴ አለ፤ እሱንም ሊቀመንበሩ የሚያነበው ስሟን እየሳተ ነው።

ሊቀመንበሩ ከሠራዊቱ የተሰናበተው በአሥር አለቅነት ነው። ኮሎኔል ያደረገው ማህበሩ ውስጥ ያለው ብቸኛ የቆዳ ወንበር ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚቀመጠው ፕላስቲክ ላይ ነው።

ከሠላሳ አንዱ መካከል ስልከኛዋን የሚያደርቃት ወጥ ቤቱ ነበር። በሠራዊቱ ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበረ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላው፣ በየዓመቱ ሰልፍ የማህበሩን ባንዲራ ይዞ ከፊት የሚሄድ ሰው ነው። «አሉ?» ስትለው አንድ ቀን እንኳ «አለሁ» ብሎ አያውቅም። «ምነው ቸኮልሽ፣ አንቺ ልጅ? ስሞት እኔው ራሴ እደውልልሻለሁ» ይላታል። ልጅ የተባለችው በስድሳ አራት ዓመቷ ነው።

ሰልፉ እሁድ ሊሆን፣ በዚያው ሳምንት ሰኞ ወጥ ቤቱ ስልክ አላነሳም። ማክሰኞም አላነሳም። ረቡዕም እንዲሁ። በማህበሩ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ ሦስት ቀን ያላነሳ አባል ቤቱ ተሄዶ ይንኳኳል፤ አንኳኪዋም እሷ ናት። የወጥ ቤቱ ቤት አራት መንገድ አልፎ ዳገት ላይ ነው። ጉልበቷ አብጦ ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ፣ ሦስቱ ጠዋቶች ጸጥ ብለውላታል።

ሊቀመንበሩ ቤቱን ማንኳኳቷን ጠየቃት። ማንም የለም አለችው።

ባለፈው ዓመት የአንድ አባላቸውን ሞት በወሩ ሰምተው አፍረዋል። ሁለተኛ እንዲህ አንዋረድም ብሎ ሊቀመንበሩ ምሏል። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሬሳም መርዶም ሳይጠብቁ ተሰብስበው ለአንድ ደቂቃ ቆሙ። ሰዓት የያዘው ከአባላቱ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቆጣሪው አልታይ ብሎት ደቂቃዋ ወደ ሁለት ተጠጋች፤ አንዱ ወንበር ደግፎ ጨረሳት። ከዚያ ስለ ሟቹ በጎ ተናገሩ ተባለ። በመጨረሻ አንዱ ጨው አያበዛም ነበር አለ። በምትኩ ባንዲራ ያዥ የተመረጠው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ተራውን ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሲመረጥ ነጭ ጓንቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ ወጥ ቤቱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ገባ። ሌላ ከተማ ያለች ልጁ ዘንድ ሰንብቶ መምጣቱ ነው፤ ስልኩ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወድቆበታል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የዞረበትን ፎቶውን አየና፣ ከዚህ የተሻለ ፎቶ እንዳለው ነገራቸው። ተሳሳቁ፣ ተቃቀፉም። ወዲያው ግን ዓይኑ ጥግ ላይ አረፈ፤ ፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ የባንዲራውን ዘንግ እየወለወለ ነበር።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገ። ቃለ ጉባኤው ማህተም አርፎበታል አለ። ሟቹ ከፈለገ እንደ አዲስ አባል ማመልከት ይችላል፤ አዲስ አባል ደግሞ አምስት ዓመት ሳይሞላው ባንዲራ አይዝም።

«አምስት ዓመት» አለ ወጥ ቤቱ። ቀልድ የሚያስከትል መስሏቸው ጠበቁት። ቦርሳውን እግሩ ሥር አኖረና ፕላስቲኩ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን የሚያደርግበት የጠፋው ይመስል ነበር።

ስልከኛዋ ደብተሯን ዘጋች። «አላንኳኳሁም» አለች።

«ማንም የለም ብለሽኝ ነበር እኮ» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዋሽቼ ነው። ጉልበቴን አመመኝ፤ ዳገቱም አስጠላኝ።» ወደ ወጥ ቤቱ ዞረች። «እርስዎም አስጠሉኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ።»

ወጥ ቤቱ አሰብ አደረገ። «በደህና ጊዜ አትነግሪኝም ነበር?» አላት።

ሊቀመንበሩ ደንቡን አስመጥቶ አንቀጽ ዘጠኝን ሁለት ጊዜ አነበበ። ቤቱ ያልተንኳኳ አባል ሞቷል ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ሞቱ ተሽሯል አለ። ስልከኛዋም ለአንድ ወር ከሥራዋ ታግዳለች። ከነጻ አገልግሎት እንዴት እንደሚታገድ የጠየቀ አልነበረም፤ እሷም አልተከራከረችም።

ፀጉር አስተካካዩ ጓንቱን ከየጣቱ እየሳበ አወለቀ። ማንም ዘንጉን ተቀብሎ አላቀበለለትም፤ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ የወጥ ቤቱ ጉልበት ላይ አጋደመው። ወጥ ቤቱ ፊቱን አየው፤ ጓንቱንም አየ። ሰልፉ የሚያልፍበት መንገድ ከድልድዩ በኋላ ዳገት ነው፤ አምና ወጥ ቤቱ እዚያ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ ከሰልፈኛው ግን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም።

«እስከ ድልድዩ እኔ» አለ። «ከዚያ ወዲያ አንተ።»

ሰልፉ እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ከማህበሩ በር ይነሳል፤ ድልድዩ ላይም ለአንድ ደቂቃ ይቆማል።