ሳይጠጣ የተንገዳገደው ቦክሰኛ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ትከሻው ነው። ባለቤቴ ሽመልስ፣ ሊያስታርቁን የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ወዳሉበት ሳሎን ሲገባ የበሩን መቃን በግራ ትከሻው ገጨው። በሩ ጠባብ አልነበረም። ሽመልስ ግዙፍ ሰው ነው፤ ግን ግዙፍ ሰው በበር አገባቡን ያውቅበታል፤ ዕድሜ ልኩን ሲጠነቀቅ ኖሯል። ገጨው፣ ዞሮም አላየው፣ ገብቶ ተቀመጠ። እኔም በልቤ «ዛሬም?» ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቤቱ የአሰልጣኙ የጋሽ በዛብህ ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ። እኔ ፍቺ ፈልጌያለሁ፤ ሽመልስ መታረቅ ፈልጓል፤ ጋሽ በዛብህና ሁለት የሰፈሩ አባቶች መሃል ገብተዋል። ከቤት ከወጣሁ ዓመት አልፎኝ ነበር። ልጃችንን ማርታን ይዤ መገናኛ አካባቢ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ ፀጉር ቤቴም እዚያው ነው። ለምን እንደወጣሁ ሳልሸፋፍን ልናገር። ባለቤቴ ይጠጣ ነበር። ሲጠጣ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ዕቃ ይሰብራል። አንድ ቀን ደግሞ ገፈተረኝና ከግድግዳው ተላትሜ ትከሻዬ ወለቀ። ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሲገፈትር ምን እንደሚመስል ለማንም አልመኝም።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ ሕመሙ የመጣው ከዚያ ነውና። እዚህ አገር የቀላል ሚዛን ቦክሰኛ ሞልቷል። እንደ ሽመልስ ያለ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ሻምፒዮን የሆነው እነዚያኑ ሁለት ሦስት ሰዎች እየደጋገመ እየገጠመ ነው። ውጭ አገር ሄዶ ከእኩዮቹ ጋር ሲገናኝ በመጀመሪያው ዙር ተዘርሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቦሌ ያለ አንድ የምሽት ክበብ በር ላይ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ መጠጡ የባሰውም እዚያ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ ግን «ተመልሼ እገጥማለሁ» ብሎ ልምምድ ጀመረ። የሚመጥነው ተለማማጅ ስለሌለ ጋሽ በዛብህ ሦስት ቀለል ያሉ ቦክሰኞችን ያሰልፉለታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይገባል፤ ሽመልስ ግን አይቀየርም። ልጆቹን እንዳይጎዳ በሙሉ ኃይሉ አይመታም። እነሱ ይመቱታል። እሱን የሚያህል ሰው በእነሱ ቡጢ ይጎዳል ብሎ ያሰበ ማንም የለም።

ወደ ሽምግልናው ልመለስ። ወቀሳው አለቀና ሽመልስ ተነሥቶ የአባቶቹን ጉልበት እንዲስም ተነገረው። ተነሣ። ግራ እግሩ ምንጣፉ ላይ ተጎተተ። ጎንበስ ሲል ሚዛኑን ስቶ በዕድሜ ታላቁ ሽማግሌ ጭን ላይ ወደቀ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ውሃም ተደፋ። «ይቅርታ» ለማለት ሲሞክር ምላሱ ተሳሰረ።

«ጠጥተህ ነው እንዴ ሽማግሌ ፊት የምትመጣው?» አሉ አባት፣ ልብሳቸውን እያራገፉ።

«አልጠጣሁም አባባ።»

«አንደበትህ እኮ እያሳበቀብህ ነው!»

ጋሽ በዛብህ ፊታቸው ጠቆረ። «አዋረድከኝ ሽመልስ! ለአንተ ብዬ እኮ ነው እነዚህን ሰዎች ያስቸገርኩት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሽምግልናው አበቃ። አባቶቹ ተነሡ። ታላቁ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ እውነቱ ካንቺ ጋር ነው። ፍርድ ቤትም ብትጠሪን ያየነውን እንናገራለን» አሉኝ። ስፈልገው የኖርኩት ቃል ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሽመልስ ግን ገና በጉልበቱ ነበር፤ መነሣት አቅቶታል። ባልጠላውም ተናድጃለሁ። ቢሆንም እንደዚያ ትቼው በላዩ ላይ ተረማምጄ ልወጣ አልቻልኩም፤ ብብቱን ይዤ ላነሣው ጎንበስ አልኩ። ትንፋሹ ፊቴን ነካኝ።

ምንም አይሸትም። አረቄ የለም። ቢራ የለም። ማስቲካም የለም። ከጠጪ ጋር የኖረች ሴት የባሏን ጠረን ገና ደረጃ ሲወጣ ትለየዋለች። ይሄ ሰው አልጠጣም።

«ሽመልስ፣ ሁለቱንም እጅህን ወደ ላይ አንሣ» አልኩት።

ቀኙ ተነሣ። ግራው ጭኑ ላይ ቀረ። እሱ ግን ሁለቱንም ያነሣ መስሎት ያየኛል።

ያኔ ፈራሁ። «ጋሽ በዛብህ፣ አልጠጣም። አሞታል» አልኩ።

«አንገቱ ነው። ራሱን ካመመው ሰነበተ፤ ወጌሻው እያሸው ነው። ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ» አሉኝ። ለቦክሰኛ ሁሉ ነገር አንገት ነው፤ ሁሉ ነገር በወጌሻ ይታሻል። ለካ ሽመልስ ራሱን ሲያመው አስፕሪን እየዋጠ፣ ማታ ማታ አንገቱን እየታሸ፣ በማግሥቱ ደግሞ ለሦስቱ ልጆች ጭንቅላቱን እየሰጠ ሳምንታት አልፈዋል። «ነገ የሚባል ነገር የለም» ብዬ ጮህኩባቸው። በእርስዎነት የማከብራቸው ሰው ናቸው፤ ጮኼባቸው አላውቅም ነበር።

በስልኬ ታክሲ ጠራሁ። ጋሽ በዛብህ ከፊት ገቡ። እኔ ከኋላ ጭንቅላቱን ይዤ ተቀመጥኩ። መገናኛ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። ሽመልስ አስታወከ። ከዚያ ተኛ። ተኛ ብቻ ሳይሆን አንኮራፋ። «ሽመልስ!» አልኩ። አልመለሰም። ጆሮውን ቆነጠጥኩት። ዓይኑን አልገለጠም። ሾፌሩ ወንበሩ ተበላሸ ብሎ አልተነጫነጨም፤ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ በመስኮት እጁን እያወጣ፣ እየለመነ አሳለፈን። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ረሳሁ። «እባክህ» ብቻ አልኩ።

ቦሌ ሆስፒታል ደረስን። አልጋ መጣ። ዶክተሯ የዓይኑን ቆብ ገልጣ ብርሃን አበራችበት። አንደኛውን፣ ከዚያ ሌላኛውን። «የቀኙ ብሌን ሰፍቷል» አለች ለነርሷ። ወዲያው ወደ ሲቲ ስካን ወሰዱት። እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። መቀመጥ አልቻልኩም።

ዶክተሯ ምስሉን አሳየችኝ። «ይሄ ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ ይባላል» አለችኝ። «የራስ ቅሉና አንጎሉ መሃል ደም ቀስ እያለ ተጠራቅሟል። የአንድ ቀን ደም አይደለም፤ ሳምንታት የቆየ ነው። አሁን አንጎሉን ወደ አንድ ወገን ገፍቶታል። ጭንቅላቱን የተመታው መቼ ነው?»

«ሥራው እኮ መመታት ነው» አልኩ።

«ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል?»

ከጃኬቱ ኪስ የተጋመሰ የአስፕሪን ስትሪፕ አውጥቼ ሰጠኋት። ገልብጣ ያለቀውን ቆጠረች። «አሁኑኑ ካልተከፈተ አይነጋለትም። ሲከፈትም አደጋ አለው፤ አስፕሪኑ ደሙ እንዳይቆም ያደርጋል» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አንቺ ምኑ ነሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ ስለማመድ ነበር። «ሚስቱ ነኝ» አልኩ። ፈረምኩ።

የራስ ቅሉን በሁለት ቦታ በስተው ደሙን አፈሰሱት። ስንጠብቅ ጋሽ በዛብህ አጠገቤ ተቀምጠው መዳፋቸውን እያሹ ቆዩ። «ሦስቱን ልጆች ያሰለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። አላጽናናኋቸውም። አቅሙ አልነበረኝም፤ እውነት ለመናገር ፈቃዱም አልነበረኝም። ያን ሰዓት ሽመልስ ቢሞት ለማርታ ምን እንደምላት ብቻ ነበር የማስበው። ሰክሮ ሞተ እንዳልላት ቢያንስ አውቄያለሁ።

አልሞተም። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲያስገቡኝ ያለ ትራስ በጀርባው ተኝቶ፣ ከጭንቅላቱ ቀይ ፈሳሽ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ተሰክቶለት፣ ዓይኑን ገልጧል። ነርሷ «እጄን ጨብጥ» አለችው፤ በግራው ጨበጣት። ደካማ ነበር፤ ግን ጨበጠ። ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ያን ያህል ደስ እንዲለኝ አልጠበቅሁም ነበር፤ ለዚህም በራሴ ተናደድኩ።

ከዚያ ያለው ዘመን ረጅምና ዝግተኛ ነው፤ እንዲህ ያለ ታማሚ ያላችሁ እንዳትደነግጡ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ። ከሆስፒታል ሲወጣ ጋሽ በዛብህ ዘንድ አረፈ፤ የሚጥል በሽታ እንዳይነሣበት የታዘዘለትን ክኒን እየወሰደ፣ አንድ ቀን ደህና አውርቶ ሌላ ቀን የማርታን ስም እየረሳ፣ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው ሸሚዙን ወርውሮ ኋላ ራሱ እያነሣ፣ ከርሞ ከርሞ እግሩን ሳይጎትት መሄድ ጀመረ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጣቶቹን የሚያለማምድ ጥቃቅን ሥራ ስጡት ባለን ጊዜ እኔ ጋ ከጥቃቅን ሥራ በቀር ምን አለና፣ ፀጉር ቤቴ እየመጣ የተደባለቁትን የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖች በግራ እጁ በየመጠናቸው እንዲለይ አደረግሁት። ያን የሚያህል ሰውዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ሐምራዊውን ቢጎዲን ከአረንጓዴው እየለየ፣ አንዷ ደንበኛዬ «ሻምፒዮን፣ እኔንም ጠቅልለኝ እንጂ!» ስትለው አንገቱን ደፍቶ ሲስቅ አየሁት። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት ሆኖኝ ነበር። ማርታም ከትምህርት ቤት ስትመጣ እያየችው አጠገቡ ትቀመጥ ጀመር፤ መጀመሪያ ራቅ ብላ፣ ኋላ ቀረብ ብላ።

ዶክተሯ ቡጢ ዳግመኛ እንደማይታሰብ ቁርጡን ስትነግረው አልተከራከረም። የጠየቃት ሌላ ነገር ነው። «ያ ሁሉ ቁጣዬ ከደሙ ነበር እንዴ?»

ትንሽ አሰበች። «የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። ለብዙ ዓመት መመታትም፣ መጠጥም አንጎል ይጎዳሉ፤ ያን አልክድም። ከዚያ በፊት ያደረግኸውን ግን በሲቲ ስካን አይቼ ይሄ የበሽታው፣ ይሄ የአንተ ልልህ አልችልም።»

እሷ አልችልም ያለችውን ሰፈሩ ቻለው። ዘመዱም፣ ደንበኛውም፣ ጎረቤቱም «በሽታው ነበር እኮ! ተመለሺ እንጂ» ይለኝ ጀመር። አባቶቹም እንደገና ጠሩን፤ በቀደመው ፍርዳቸው አፍረዋል፤ መካስ ፈልገዋል። ታላቁ አባት ንግግር አሳመሩ፦ ልጃችን በሽተኛ ነበር፣ እኛ ሰካራም አልነው፣ አንቺም ሳታውቂ ወጣሽ፣ ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ እግዜር ይመስገን ደሙ ወጣ፣ ነገሩም አብሮ ይውጣ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንደማልመለስ አውቀዋለሁ፤ ግን እምቢ ብል ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛ ባሏን የጣለች ሴት ነኝ፤ ማርታም የዚያች ሴት ልጅ ናት።

ሽመልስ እጁን አወጣ፤ ንግግር ለማቋረጥ ፈቃድ ሲጠይቅ ነው።

«አባቶቼ ይቅርታ። የባለቤቴን የሐረግን ትከሻ ያወለቅሁት እኔ ነኝ። ያኔ ጭንቅላቴን አላመመኝም። ሠርቼው ነው» አለ፤ ቃላቱ ዛሬም ትንሽ ይጎትታሉ። «በበሽታዬ ሰበብ እንድትመለስ አታስገድዷት።»

ጋሽ በዛብህ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከወራት በኋላ ያለ ጭቅጭቅ ተፋታን።

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ቦክሰኛም ይሁን ከሞተር ሳይክል የወደቀ፣ ራስ ምታቱ ከሰነበተ ለወጌሻ አትስጡት። አስፕሪን በራሳችሁ አትስጡት። እግሩ ከተጎተተ፣ ምላሱ ከተሳሰረ፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ «ጠጥቶ ነው» ከማለታችሁ በፊት ትንፋሹን አሽትቱ። ቢሸትም ውሰዱት፤ የጠጣ ሰውም ጭንቅላቱ ይደማል። አሠልጣኞች ደግሞ ራሱን ያመመውን ወደ ልምምድ አታስገቡ፤ ጋሽ በዛብህ ዛሬ አያስገቡም።

ለሴቶች ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። ባልሽ ቢታመም አሳክሚው፤ ሰው ነው። ማሳከም ግን መመለስ አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያሽግልሽ ብዙ ነው፤ እምቢ በዪ።

ያን ሾፌር ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ የትም ይሁን ምስጋናዬ ይድረሰው። ዶክተሯንና ነርሶቹን አመሰግናለሁ። ከሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ግን ሽመልስን ነው። አገር ሁሉ ሰበብ ሲሰጠው አልቀበልም አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማርታን ሊወስዳት ሲመጣ በሩን እከፍትለታለሁ፤ «ግባ» እለዋለሁ፣ ይገባል፣ አልፈራውም።