የባቡሩ መንገድና የባለቤቴ እግር

ባለቤቴን ስትሮክ ግራ ጎኗን ከመታት ወዲህ ሐኪሟ አጥብቆ ያዘዘላት አንድ ነገር ነው፤ በየማለዳው ደልዳላ ቦታ ላይ መራመድ። "ካሁኑ ካልተራመደች እግሯ እንደደረቀ ይቀራል" አለኝ።

አዳማ ውስጥ ደልዳላ መንገድ ከየት ይመጣል? ኮብልስቶኑ ያደናቅፋል፣ አስፋልቱን ባጃጅ ይዞታል። የቀረን የድሮው የባቡር መንገድ ነው። ባቡር ዳገት አይወድምና ሜዳ ለሜዳ ነው የተዘረጋው። ሐዲዱ ተነቅሎ፣ ንጣፍ ተነጥፎበት፣ ለእግረኛና ለብስክሌት ተብሎ ሲከፈት እኔም እንደ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር።

ምን ያደርጋል! ሰዉ ባቡሩ ሲቀር መንገዱ የማንም ያልሆነ መሰለው። አግዳሚ ወንበሩ ሥር የጫት ገራባ፣ የልጅ ዳይፐር፣ ሽንት የሞላበት ፕላስቲክ። ጎረምሳው በስፖርት ልብስ ሲሮጥ ይመጣና መንገዱ ዳር ያለው ግንብ ላይ ሸንቶ ሩጫውን ይቀጥላል። እኔ ባለቤቴን በቀኟ በኩል ደግፌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ "እዚህ ጋ አትርገጪ፣ እዚያም ጋ አትርገጪ" ስል አረፍዳለሁ።

አንድ ማለዳ የባሰው መጣ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሥጋ ቤት የበሬ ፈርስና አንጀት መንገዱ ላይ ዘርግፎታል። ውሾች ይጎትቱታል፣ ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል። ባለ ሥጋ ቤቱ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል።

"ልጄ፣ ይሄ ሰው የሚሄድበት አይደለም እንዴ?" አልኩት።

"አይዞዎት አባባ፣ ውሻ ይጨርሰዋል" አለኝ፣ መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። "በቃ እንመለስ። ሁለተኛ እዚህ አንመጣም" አልኳት።

"እና የት ልንሄድ? የታመመው እግሬ ነው እንጂ አፍንጫዬ አይደለም" አለች።

የሚሠራላት እጅ አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ክንዴን የያዘችበት። አፍንጫዋን በሻሿ ጫፍ ልትይዝ ስትል ክንዴን ለቀቀችው። ለቀቀችኝና ሄደች። ግራ እግሯን እየጎተተች፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በውሾቹ አጠገብ አለፈች። እኔ ልከተላት ስል ግማቱ አሸነፈኝ፤ ግንቡን ይዤ አስታወክሁ።

ቀና ስል ከወዲያ በኩል ቆማ ትጠብቀኛለች።

"ና እንጂ አንተ ሰውዬ! ወይስ መጥቼ ልደግፍህ?"

ባለ ሥጋ ቤቱ ሳቀ። እሱን ዞሬም አላየሁት። አፌን በጋቢዬ ጫፍ ጠረግሁና ትንፋሼን ይዤ ወደ እሷ ተራመድኩ።